ቢሾፍቱ ላይ ትርዒት፣ ደባርቅ ላይ ምስጢር?!

እንዴት ነው ነገሩ ጎበዝ? የጦር አውሮፕላን ቢሾፍቱ ሰማይ ላይ ሲገለባበጥ ካሜራ ሁሉ ቀና ይላል፤ ፎቶው ለዓለም ይበተናል። ዘመዱ ደባርቅ ሰማይ ላይ ብቅ ሲል ግን «ስልክህን አውርድ!» ይመጣል። እኔ በግሌ ለዚህም ለዚያም ጋዜጣ እየጻፍኩ የማድር ሰው ነኝ። ነገሩን በዓይኔ ስላየሁት ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

በ2017 ክረምት ሊገባ ሲል ለአንድ ጽሑፍ ጉዳይ ወደ ስሜን ወጥቼ ነበር። ደባርቅን አልፈን፣ ቡይት ራስ ላይ ቆመን ገደሉን ስናይ አንድ ሄሊኮፕተር ከቆላው ተነሥቶ ከእግራችን ሥር እየተንደቀደቀ አለፈ። ሄሊኮፕተርን ቁልቁል የሚያዩበት አገር እንግዲህ ብዙ አይደለም! አብሮን የነበረው የሾፌር ረዳት ስልኩን መዠረጥ አድርጎ አነሣ። ወዲያው አንድ የታጠቀ ሰው ደረሰና «አንተ! ምንድነው የምታነሣው? አምጣ!» ብሎ ተቀበለው። ከፍቶ ቢያየው ብዥ ያለች አንዲት ጥቁር ነጥብ ናት። አጠፋት።

የሚያስቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የልጁ ስልክ ፊት ላይ የተለጠፈው ፎቶ የሱኮይ 30 ተዋጊ ጄት ነበር፤ ከኢንተርኔት የወረደ፣ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጥርት ብሎ የሚታይ። ሰውየው እሱን አየና «ይኼስ ጥሩ ነው» ብሎ ስልኩን መለሰለት። ነጥቧ ምስጢር፣ ጄቱ ጌጥ!

ሱኮይ 30 በጥር 2016 ቢሾፍቱ ላይ በይፋ የታየ አውሮፕላን ነው። በጥር 2017ም የአየር ኃይሉ 89ኛ ዓመት እዚያው በአየር ትርዒት ተከብሯል። ይኼንን አልቃወምም። የመጀመሪያዋ ፖቴዝ 25 በነሐሴ 1921 አዲስ አበባ ከገባች ወዲህ ሕዝባችን አውሮፕላን ሲያይ ደስ ይለዋል። ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት በኤፍ-5 ሚግ 21 የጣሉትን አብራሪዎች የማያከብር ኢትዮጵያዊ ካለ አላውቀውም። ኩራቱ የጋራ ነው እንላለን። ታዲያ ማየቱስ የጋራ መሆን የለበትም?

ይኼ ግራ መጋባት በኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በፈረንጆች 2001 ግሪክ ውስጥ ካላማታ በተባለ ቦታ የጦር አውሮፕላን ማረፊያው ለጎብኚ ክፍት በተደረገበት ቀን የሄዱ 12 እንግሊዛውያንና 2 ሆላንዳውያን በሰላይነት ተጠርጥረው ታሠሩ። ሥራቸው አውሮፕላን ማየትና ቁጥሩን መመዝገብ ነው፤ እዚያ አገር እንደኛ ኳስ የሚወደድ ነገር ነው። በ2002 ሚያዝያ ጥፋተኛ ተባሉ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በነፃ አሰናበታቸው። እንግዳ ጠርቶ «ለምን አየህ?» ማለት በመጨረሻ የሚያሳፍረው ጠሪውን ነው።

የኛ ግን ከማሳፈርም ያልፋል። ሶማሊያን የመከተው አየር ኃይል ነው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 15 ቀን 1980፣ ሐውዜን ገበያ ላይ ቦምብ የጣለው። አውሮፕላን ትርዒት የሚያሳይበት ቀን አለ፤ ሰው የሚሞትበት ቀንም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ በኅዳር 2016 ባወጣው መግለጫ በአማራ ክልል በድሮን ጥቃት በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሦስት መምህራንን ጨምሮ 7 ሰዎች፣ በአንድ አውቶቡስ መናኸሪያ ደግሞ 13 ሰዎች መገደላቸውን አስታውቋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ «ሆኗል»፣ «አልሆነም» የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩን የሚዳኘው ምንድነው? ያየ ሰውና ያነሣው ፎቶ አይደለም እንዴ? ትርዒቱን የሚያነሣ ካሜራ ይበዛል፤ ጥቃቱን የሚያነሣ ስልክ ከተወረሰ ግን ታሪካችን የግማሽ ታሪክ ይሆናል።

«ጦርነት ባለበት አገር ምስጢር ያስፈልጋል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው! ወታደር የት እንደሰፈረ፣ ኮንቮይ በየት እንዳለፈ እያነሡ መበተን ነፍስ ያስጠፋል። ጦርነቱ በ2013 መጨረሻ ዳባት ጭና ድረስ በመጣ ጊዜ ያ አገር ምን እንዳየ ለሚያውቅ ሰው ይኼንን ማስረዳት አያስፈልግም። የምለው ሌላ ነው። ምስጢር የሆነው ምንድነው? የት ቦታ? ስልክ የመፈተሽ ሥልጣን ያለው ማነው? ፎቶ የሚጠፋው በማን ትዕዛዝ ነው? ይኼ ተጽፎ ይለጠፍ! ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ በአንቀጽ 29 መረጃ መፈለግና ማሰራጨት መብት ነው ይላል። ገደብ ካለም በሕግ ይሁን እንጂ ጠመንጃ በያዘው ሰው የዕለት ፀባይ አይሁን። ደግሞስ የውጭ ሳተላይት የአውሮፕላን ማረፊያችንን ከነቆመበት አውሮፕላን ባነሣበት ዘመን የረዳቱን ነጥብ ማጥፋት ማንን ይጠብቃል?

ያን ዕለት ከቡይት ራስ ስንመለስ መንገድ ላይ የጫንናቸው አንድ አባት ነበሩ። የሆነውን ስንነግራቸው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና «አይ ልጄ፣ ድሮ ድምፁን ሲሰሙ ልጆቻችን 'አውሮፕላን! አውሮፕላን!' እያሉ ደጅ ይወጡ ነበር። አሁን ሲሰሙ ወደ ቤት ነው የሚሮጡት» አሉኝ።

የሚቀጥለውን ትርዒት የሚያዘጋጁ ሰዎች እኚህን አባት ቢጋብዟቸው ጥሩ ነበር። ፎቶም ባያነሡ፣ የሚጠይቁት አያጡም።

ቸር ያሰማን።