ስም ያልተጻፈበት ደረሰኝ

የሮክ ሙዚቃ ወዳጆች ስለ ታላላቅ የመድረክ ዝግጅቶች ሲከራከሩ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ አንድ ቀን ላይ ያርፋል፦ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1985)። ላይቭ ኤድ የተባለው ዝግጅት በለንደኑ ዌምብሌይና በፊላደልፊያው ጆን ኤፍ ኬኔዲ ስታዲየም የተካሄደበት ቀን ነው። ብዙዎች «ከሁሉ የላቀ» የሚሉት የኩዊን ሃያ ደቂቃ ያህል የዚያ ቀን ነው። «ከሁሉ የከፋ» የሚባለው የሌድ ዜፕሊን ዳግም መገናኘትም የዚያው ቀን ነው። የተለቀሰው ለእኛ፣ የተዘፈነውም በእኛ ስም ስለሆነ እኔም ፍርድ የመስጠት መብት አለኝ ባይ ነኝ።

አስቀድሜ ለሙዚቃው የሚገባውን ልስጥ። ፍሬዲ መርኩሪ ድምፁን ሲወረውር ከሰባ ሺህ የሚበልጠው ሕዝብ እንደ አዝማሪ ተቀባይ እየመለሰለት ስታዲየሙን አንድ ጉሮሮ አደረገው፤ ይህን የሚክድ ጆሮ የለውም። ሌድ ዜፕሊን በአንጻሩ በሥራው ስላፈረ፣ ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በ2004 በዲቪዲ ሲታተም የእርሱ ክፍል እንዳይገባ ከልክሏል። ፖል ማካርትኒ ሲዘፍን ማይክሮፎኑ ለጥቂት ደቂቃዎች ድምፅ ነሥቶታል። ቦብ ዲላን ደግሞ ከገንዘቡ ጥቂቱ ለአሜሪካ ገበሬዎች የባንክ ዕዳ ቢውል ብሎ ብዙዎችን አስቆጥቷል። የባንክ ሠራተኛ ነኝና ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሳልወድ ፈገግ እላለሁ።

የእኔ ጥል የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ዴቪድ ቦዊ ከተሰጠው ጊዜ አንድ ዘፈን ቀንሶ ስለ ረሃቡ የተሠራ አጭር ፊልም እንዲታይ አደረገ። ለዚህ ደግነቱ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ነገር ግን በሚያጣጥሩት ሕፃናት ምስል ላይ የተደረበው ድምፅ የዘ ካርስ ዘፈን ነበር። ምስሉ የእኛ፣ ዜማው የሌላ። በሁለቱም መድረኮች አንድ ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ አልቆመም። ጥላሁን ገሠሠ በሕይወት ነበረ፤ ማሕሙድ አሕመድም ድምፁ ገና እንደ ጎርፍ የሚሞላ ነበር። በዌምብሌይ መዝጊያ የተዘፈነው ዘፈን ርዕስ ደግሞ «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። የሚጠይቀው ማንን ነው? ወሎን! በገና ማለዳ የላስታ ካህናት በላሊበላ ከዐለቱ ጠርዝ በላይና ከቅጥሩ በታች ተሰልፈው «ቤዛ ኩሉ»ን የሚቀባበሉባትን ምድር። ባቲና አምባሰል የተባሉት ቅኝቶች ስማቸውን የወረሱባትን አገር።

«የበላበትን ወጭት ሰባሪ!» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። አይደለሁም። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠረው ፓውንድ እህልና መድኃኒት ሆኗል፤ የዳነችን አንዲት ነፍስ የሚያህል የሙዚቃ ሂስ የለም። ሆኖም ከመስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የተማርኩት አንድ ነገር አለ፦ የተቀባይ ስም የሌለበት ደረሰኝ፣ ገንዘቡ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ያልተሟላ ደረሰኝ ነው። በዚያ ቀን የሰጪዎች ስም በዓለም ፊት ተነበበ፤ የተቀባዩ ቦታ ባዶ ቀረ።

ደግሞም ፍርዴ በባዕድ ላይ ብቻ እንዳይሆን። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ፣ በሰልፍና በሙዚቃ ሲያከብር ወሎና ትግራይ ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ ነበር። የቢቢሲው ማይክል በርክ ዘገባ፣ በመሐመድ አሚን ካሜራ ከኮረም ተቀርጾ ዓለምን ያስደነገጠው፣ ገና በጥቅምት 13 ነው። የዌምብሌይ መድረክ ስማችንን ዘነጋ፤ የአዲስ አበባው መድረክ ግን ሞታችንን ደበቀ። ስለዚህ የዚያን ዓመት የከፋ ኮንሰርት ምረጥ ብባል ሌድ ዜፕሊንን አልጠራም። ያንን የራሳችንን ማርሽ እጠራለሁ።

እናቴ የላስታ ልጅ ናት። በ77 አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ እህል ፍለጋ ከወላጆቿ ጋር ኮረም ከወረዱት አንዷ ናት። ባለፈው ዓመት ያን ዝግጅት በስልኬ አሳየኋት። ፀጥ ብላ አየች።

«ይህ ሁሉ ሕዝብ ለማን ነው የተሰበሰበው?» አለችኝ።

«ለእናንተ ነው እማዬ።»

«እግዜር ይስጣቸው» አለች፤ ጥቂት ቆይታም፣ «እና ማን ብለው ጠሩን?»

መልስ አልነበረኝም። እርሷም መልስ አልጠበቀችም፤ ጥጧን አንሥታ እየፈተለች፣ በለሆሳስ አምባሰል ማንጎራጎር ጀመረች። ውድ አንባቢ፣ ከሰማኋቸው የመድረክ ሥራዎች ሁሉ የላቀው የቱ ነው ብትለኝ፣ ያን ዕለት ያለ ማይክሮፎን የሰማሁትን አስቀድማለሁ።

ስንዴው ተሰፈረ፣ በቁና በጣሳ፤
ስማችን ብቻውን፣ ከመዝገብ ተረሳ።
ለበላነው ሁሉ፣ ምስጋናችን ይድረስ፤
ዜማ ግን ነበረን፣ የሰማ ያስታውስ።