አዲስ ከመግዛታችን በፊት አሮጌውን እንክፈተው

የቤት ኮምፒውተር መንቀራፈፍ ሲጀምር አብዛኛው ቤተሰብ የሚያውቀው መፍትሔ ሁለት ነው፤ መጀመሪያ ፎርማት ማስደረግ፣ እሱ ካልበጀ ሸጦ ወይም ጥሎ ሌላ መግዛት። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ፣ ክዳኑን ከፍቶ ማሽኑን ወደ ኋላ የሚጎትተውን ክፍል መለወጥ፣ ብዙ ጊዜ አይታሰብም፤ ቢታሰብም የባለሙያ ብቻ ሥራ ይመስላል። ይህን ልማድ መተው አለብን እላለሁ። ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ኮምፒውተር ደግሞ ከማዘርቦርዱ እስከ ብሎኑ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው። ገና ዓመታት ሊያገለግል የሚችልን ማሽን በአንድ ክፍል ድክመት ምክንያት መጣል የቤተሰብን ገንዘብ በከንቱ መበተን ነው።

የድክመቱ ምንጭ በአብዛኛው ሃርድ ዲስኩ ነው። ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ አንድ ፋይል በተፈለገ ቁጥር የሚያነበው ክንድ ወደ ቦታው መሄድ፣ ሳህኑም ዞሮ እስኪደርስለት መጠበቅ አለበት። ይህ በእያንዳንዱ ጊዜ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። በመሆኑም እዚህም እዚያም የተበታተኑ ትናንሽ ፋይሎችን ሲያነብ በሰከንድ ከመቶ ወይም ከሁለት መቶ አይዘልም። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚፈልገው ደግሞ እንዲህ ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎችን ነው። የሚሽከረከር ነገር የሌለው ኤስኤስዲ ያንኑ ሥራ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ ይሠራል። ፕሮሰሰሩ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ዲስኩ እስኪያቀብለው ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ የለውም፤ ሰው ኮምፒውተሩ «አረጀ» የሚለው ይህን ጥበቃ ነው። ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ችግሩ ይደራረባል። ጥቂት የድረ ገጽ መስኮቶችና አንድ የጽሑፍ ፕሮግራም ራሙን ሲሞሉት ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስኩ ያሸጋግራል፤ ቀድሞውንም የደከመው ዲስክ ሌላ ሸክም ይጨመርበታል። ፎርማት ማስደረግ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚያግዘውም ለዚህ ነው። ፎርማቱ ቆሻሻውን ይጠርጋል እንጂ ሳህኑን ከመሽከርከር አያድነውም።

ስንገዛ የምንጠይቀው ጥያቄም የዚህ ስህተት አካል ነው። በገበያው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ኮር ስንት ነው?» የሚለው ነው፤ ኮር አይ 7 ከሆነ ዋጋው ይጨምራል። ነገር ግን ኢንቴል ይህን ስም መጠቀም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሦስተኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 7፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የ12ኛ ጀነሬሽን የዴስክቶፕ ኮር አይ 3 በፍጥነት ይበለጣል። ጀነሬሽኑን ለማወቅ ሻጩን ማመን አያስፈልግም፤ በፕሮሰሰሩ ስም ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ማየት ነው። 3770 ከሆነ ሦስተኛ፣ 8250 ከሆነ ስምንተኛ፣ 12100 ከሆነ አሥራ ሁለተኛ ጀነሬሽን ነው። ከዚህ በኋላ ሊጠየቅ የሚገባው ዲስኩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ራም የሚጨመርበት ባዶ ቦታ መኖሩና ክዳኑ በብሎን የሚከፈት መሆኑ ነው። ዛሬ የምንገዛው ማሽን ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ሊሆን እንደሚችል የሚነግሩን እነዚህ ናቸው።

ኮምፒውተር ተከፍቶ ክፍሉ እንዲለወጥ ከመነሻው የታሰበ መሣሪያ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 የግል ኮምፒውተሩን ሲያወጣ በአብዛኛው ከሌሎች ኩባንያዎች በተገዙ ክፍሎች ሠራው፤ የቴክኒክ ዝርዝሩንም አሳተመ። በዚህም ሌሎች አምራቾች ለእሱ የሚገጥም ካርድ፣ ቆይተውም እሱኑ የሚመስል ኮምፒውተር መሥራት ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንቴል ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለው መለኪያ የማዘርቦርድን፣ የፓወር ሰፕላይንና የኬዝን አገጣጠም ወሰነ፤ በዚያ መለኪያ የተሠሩ ዕቃዎች ዛሬም እርስ በርስ ይገጥማሉ። ኤኤምዲ ኤኤም 4 ብሎ የሰየመው የፕሮሰሰር መቀመጫ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የተሸጡ በርካታ ማዘርቦርዶች ባዮሳቸው ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጡትን ፕሮሰሰሮች እንዲቀበሉ አስችሏል።

«እኔ ብነካው ይቃጠላል» የሚለው ስጋት ከሁሉም ይበልጥ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን አደጋው የሚታሰበውን ያህል አይደለም። ገመዱን ነቅሎ፣ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውንም አላቅቆ፣ የመክፈቻውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ የቀረውን ኤሌክትሪክ ማስወጣት፣ ከዚያም የኬዙን ብረት ነክቶ ከሰውነት ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ ማሰናበት በቂ ጥንቃቄ ነው። ራም በስህተት እንዳይገባ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የዲዲአር 3 ራም ጥርስ ያለበት ቦታ ከዲዲአር 4 ስለሚለይ አንዱ በሌላው መቀመጫ አይገባም። በኛ አገር ኮምፒውተርን በእርግጥ የሚያቃጥለው የመብራት መዋዠቅና ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ነው። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ሳሳ ያለ አየር ሙቀትን የሚወስደው በመጠኑ ነው። በበጋ አቧራ የታፈነ ፋን እዚህ ይበልጥ የሚጎዳው ስለዚህ ነው። ክዳኑን በዓመት አንዴ ከፍቶ አቧራውን ያጸዳ ሰው ማሽኑን ከመጉዳት ይልቅ ዕድሜውን ያራዝመዋል።

ሐሰተኛ ዕቃ መኖሩ እውነት ነው። አንድ ቴራባይት ተብሎ የሚሸጥ፣ በስክሪኑም ላይ ያንን የሚያሳይ፣ በውስጡ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ መያዣ ያለው ኤስኤስዲ ይገኛል። ማረጋገጫው ትላልቅ ፋይሎችን እስኪሞላ ገልብጦ መልሶ መክፈት ነው፤ ሐሰተኛው የተጻፈበትን አይመልስም። ይህን ለመሞከር የማይፈቅድ ሻጭ ጋ መግዛት አይገባም። የራም ዋጋ ጉዳይም ጠንካራ ተቃውሞ ነው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡ የመረጃ ማዕከሎች የዓለምን ራም እየጠቀለሉ ነው፤ ራም አምራቹ ማይክሮን በታኅሣሥ 2025 እ.ኤ.አ. ክሩሻል የተባለውን ለተራ ገዢ የሚሸጠውን ምርት እንደሚያቆም አስታውቋል። ይህ ግን ማሻሻልን ብቻ የሚመታ አይደለም፤ አዲሱም ኮምፒውተር ራም ስላለው እሱም ይወደዳል። አሮጌው ማሽን ውስጥ ያለው ራም አንድ ጊዜ የተከፈለበት ስለሆነ እንዲያውም ዋጋው ከፍ ብሏል።

ከሁሉም የከበደው የዊንዶውስ ጥያቄ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በደንቡ የሚቀበለው በአብዛኛው ከስምንተኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያለውን ነው። ስለዚህ ኤስኤስዲ የተገጠመለት የስድስተኛ ጀነሬሽን ማሽን ፈጣን ሆኖ ሳለ የደኅንነት ማሻሻያ ላያገኝ ይችላል። እንዲህ ላለው ማሽን በዊንዶውስ ፋንታ በነፃ የሚገኘው ሊኑክስ ሚንት አለ፤ ጽሑፍ ለሚጽፍ፣ ኢሜይል ለሚልክና ለሚያጠና ተማሪ ይበቃዋል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። የተወሰነ የሒሳብ ወይም የሥዕል ፕሮግራም በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራበት ሰው ግን ሌላ ማሽን መፈለጉ ትክክል ነው። ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስስ ላፕቶፕም ሊጨመርበት አይችልም። ዲዲአር 2 የሚጠቀም ማሽንም ገንዘብ የሚወጣበት አይደለም። የማሻሻል ወሰኑ እዚህ ነው፤ ከዚህ ወዲህ ያለው ግን ብዙ ነው።

የምንጥለው ማሽን የት እንደሚሄድም ማሰብ አለብን። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመው የተባበሩት መንግሥታት የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ዘገባ እንደሚለው ዓለም በ2022 እ.ኤ.አ. 62 ሚሊዮን ቶን እንዲህ ያለ ቆሻሻ ፈጥራለች፤ በአግባቡ ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ከዚህ ሩቡን እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ ለመግዛት የተዘጋጃችሁ፣ መጀመሪያ ያላችሁን ማሽን ክፈቱና ዲስኩን እዩ። ሃርድ ዲስክ ከሆነ ሰነዶቻችሁን ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ በኤስኤስዲ ለውጡት። ያገለገለ ማሽን መግዛት ግድ ከሆነባችሁም ሻጩ እዚያው ሱቁ ውስጥ ክዳኑን ከፍቶ ዲስኩንና የራሙን ቦታ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ሂዱ።