ቀን የሚቆርጠው ሰው ነው

ባለፈው ሚያዝያ 27 ጠዋት ከሜክሲኮ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርሁ። ሾፌሩ የከፈተው ኤፍ ኤም ሬዲዮ በዛሬዋ ቀን በዓለም ላይ ምን እንደተፈጸመ ይናገራል። አቅራቢው ትንፋሽ ሳይወስድ ዘረዘረው፤ ናፖሊዮን ቦናፓርት ሞተ፣ ካርል ማርክስ ተወለደ፣ ሜክሲኮዎች ፈረንሳዮችን ድል አደረጉ፣ አሜሪካዊው አላን ሼፐርድ ወደ ጠፈር ወጣ፣ ዘፋኟ አዴል ተወለደች፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ገቡ። ወዲያው የሳሙና ማስታወቂያ ተከተለ።

ሒሳብ ይሰበስብ የነበረው ረዳት ቀና ብሎ «ይሄን ሁሉ አንድ ቀን እንዴት ቻለው?» አለ።

ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አራት ኪሎ ስደርስ ከታክሲው ወረድሁ፤ ጥያቄው ግን ከእኔ አልወረደም።

እንዲህ ያለውን ዝርዝር ስሰማ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ሁሉንም በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል። የአንድ ሕዝብ ነጻነት ከአንዲት ዘፋኝ ልደት ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቆማል፤ ያገናኛቸውም ቀኑ ራሱ ይመስላል። ቀን ግን እንዲህ ያለ አቅም የለውም። እኛ አገር ሠርግ ሲደገስ «ቀን ተቆረጠ» ይባላል። የሚቆርጡት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቀኑ በራሱ ተነሥቶ ሠርግ አይሆንም። የታሪክ ቀንም እንደዚያው ነው። ቀኑን ማን ቆረጠው? ለማን ብሎ? ማንን ሳይጠራ? እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው።

በመጀመሪያ ግን የሬዲዮውን ሰው አንዲት ስሕተት ላርም። ናፖሊዮን በቅድስት ሄሌና ደሴት የሞተው እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1821 ነው፤ ማርክስ በትሪር ከተማ የተወለደው ሜይ 5 ቀን 1818። ዛሬ ሜይ 5 እና ሚያዝያ 27 አንድ ላይ ይውላሉ። በዚያን ዘመን ግን ሜይ 5 በእኛ ሚያዝያ 28 ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፈረንጆች መቶውን የሚደፍነው ዓመት ለ400 የማይካፈል ከሆነ ፌብሩዋሪ 29ን ይሰርዛሉ፤ በ1900 ሰርዘዋል። የእኛዋ ጳጉሜ ግን በየአራት ዓመቱ ስድስት መሆኗን አታቋርጥም። ዓድዋንም ያየ ያውቀዋል፤ ጦርነቱ በእነሱ ማርች 1 ቀን 1896 ሆነ፣ በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888። ዛሬ የካቲት 23ን ስናከብር በእነሱ ማርች 2 ነው። ቁጥሩ እንኳ ባለበት አይጸናም። ለዚህ ይሆናል አያቴ ቀንን በቁጥር ሳይጠሩ የኖሩት። የካቲት 23 «ጊዮርጊስ» ነው፤ ሚያዝያ 27 «መድኃኔ ዓለም»። ቁጥር ቢንሸራተት ስም ይቀራል።

ማርክስን ካነሣሁ ላይቀር፣ ደርግ በዚህ ቀን ላይ የሠራው ነገር ሁሌም ያስቀኛል። ሚያዝያ 27 ንጉሥ ንጉሥ ስለሚሸት የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 አዞረው፤ አዲስ አበባ በ1933 ከፋሽስቶች እጅ ወደወጣችበት ዕለት። አብዮተኞቹ የጣሉት ቀን የነቢያቸው የልደት ቀን መሆኑን ያስታወሰ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ባለልደቱን በዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ በድንጋይ አቆሙት፤ ልደቱን ከካላንደራቸው ፋቁት። ይባስ ብሎ አዲሱ ቀን ከድጡ ወደ ማጡ ነበር። መጋቢት 28 ጃንሆይ ከተማው ውስጥ አልነበሩም፤ እውነት ነው። ከተማውን የተረከበው ግን ከኬንያ በኩል የመጣው የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ነው። ከዘውድ የሸሸው በዓል የእንግሊዝ መለዮ ሥር ገብቶ አረፈ። ደርግ ሲወድቅ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። የሌኒን ሐውልት በግንቦት 1983 ሲገረሰስ ማርክስ ተርፏል፤ ምናልባት ልደቱ የድል በዓላችን ላይ መዋሉ ረድቶት ይሆናል።

ወደ ታክሲው ልመለስ። የተነሣንበት አደባባይ ስም ሜክሲኮ ነው፤ ከሬዲዮው ዝርዝር አንዱ ደግሞ የሜክሲኮዎች ድል ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1862 በፑዌብላ ከተማ በጄኔራል ኢግናሲዮ ሳራጎሳ የሚመራ የሜክሲኮ ሠራዊት በዘመኑ ስመ ጥር የነበረውን የፈረንሳይ ጦር መለሰ። በዓመቱ ፈረንሳዮች ተጠናክረው መጡና ዋና ከተማዋን ያዙ፤ ማክሲሚሊያን የሚባል የኦስትሪያ ልዑልም አነገሡ። እስከ 1867 ድረስ፣ ማክሲሚሊያን በጥይት እስኪረሸን፣ አገሪቱ መከራዋን አየች። እንግዲህ በፑዌብላ ያሸነፉት ሜክሲኮዎች በማግስቱ ነጻ አልወጡም። ዛሬ ይህ ቀን ከሜክሲኮ ይልቅ በአሜሪካ በቢራና በሙዚቃ ይደምቃል። ብዙ አሜሪካዊም የሜክሲኮ የነጻነት በዓል ይመስለዋል፤ እሱ ግን ሴፕቴምበር 16 ነው።

የእኛና የሜክሲኮ ዝምድና ከዚህ ቀን አልመጣም። የመጣው ጣሊያን ኢትዮጵያን በዋጠችበት ጊዜ፣ ብዙው መንግሥት አንገቱን ደፍቶ ወረራውን ሲቀበል፣ ሜክሲኮ «አልቀበልም» ብላ በመጽናቷ ነው። ስለዚህ እኛ «ሜክሲኮ ወራጅ አለ!» እያልን እንወርዳለን፤ በሜክሲኮ ሲቲም የአንበሳ ምልክት ያለው «ኢትዮጵያ» የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ፤ እዚያም በየቀኑ ወራጅ አለ። ሁለቱ ድሎች በአንድ ቀን መዋላቸው ግጥምጥሞሽ ነው። አደባባዩና ጣቢያው ግን ሰው ወዶና አስቦ የሠራቸው ናቸው።

አሁን ወደ ሮም። ማርሻል ባዶሊዮ በሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ገባ። ጃንሆይ ከሦስት ቀን በፊት በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄደው ነበር፤ ከተማው በዘረፋና በእሳት ሰንብቷል። በዚያው ምሽት ሙሶሊኒ ከፓላሶ ቬኔዚያ ሰገነት ላይ ሆኖ፣ ከታች ለተሰበሰበው ሕዝብ ጦርነቱ ማለቁን አበሠረ። በሕይወቱ ትልቁ ምሽት ሳይሆን አልቀረም። ዛሬ ግን ጣሊያን ውስጥ ኳስ ለሚወድ ሰው «ሜይ 5» ብትሉት ሰገነቱን አያስብም። ኢንተርን ነው የሚያስበው።

በ1994 ሚያዝያ 27፣ እሑድ፣ የሴሪ ኤው የመጨረሻ ጨዋታ፣ ቦታው ያው ሮም። ኢንተር ሚላን ዩቬንቱስን በአንድ ነጥብ ይመራል፤ ላሲዮን ካሸነፈ ዋንጫው የእሱ ነው። የላሲዮ ደጋፊዎች እንኳ ጎረቤታቸው ሮማ ዋንጫውን እንዳይወስድ ብለው ለኢንተር ይጮኹ ነበር። ኢንተር ሁለት ጊዜ መራ፤ በመጨረሻ 4 ለ 2 ተሸነፈ። ዩቬንቱስ ዋንጫውን፣ ሮማ ሁለተኛነቱን ወሰዱ፤ ኢንተር ሦስተኛ ሆኖ ቀረ። ብራዚላዊው ሮናልዶ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሲያለቅስ ዓለም አየው።

በዚሁ ቀን የሚያለቅስ ሌላም አለ። በ2006 ሚያዝያ 27 ምሽት ሊቨርፑል በሴልኸርስት ፓርክ ክሪስታል ፓላስን 3 ለ 0 እየመራ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀር ሦስት ጎል ገባበትና 3 ለ 3 ወጣ። ሱዋሬዝ ፊቱን በማልያው ሸፍኖ ወጣ፤ ዋንጫው ወደ ማንቸስተር ሲቲ ሄደ። ያን ምሽት የሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት እንደ ለቅሶ ቤት ጸጥ አለ። የሊቨርፑል ደጋፊ የሆነ አንድ ጓደኛዬ እስከ ዛሬ «እንኳን ለድል በዓል አደረሰህ» ስለው «ለእናንተ ይሁን፤ እኔ ተዝካር ላይ ነኝ» ይለኛል።

ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም። ሙሶሊኒ ያን ቀን ለዘላለም የእሱ የሚሆን መስሎት ነበር። ሰባ ዓመት ሳይሞላው ቀኑ ለአንድ የኳስ ሽንፈት መጠሪያ ሆነ። ቀን ጌታውን ይለውጣል።

ጌታውን እንዲለውጥ ያስገደዱት ደግሞ ጃንሆይ ናቸው። ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ። አዲስ አበባ መጋቢት 28 ነጻ ስትወጣ እሳቸው ገና ጎጃም ነበሩ። እንግሊዞች «ከተማው ውስጥ ያሉት ጣሊያኖች አደጋ ይደርስባቸዋል» እያሉ አዘገዩዋቸው። በመጨረሻ በእንጦጦ በኩል ወርደው ሲገቡ፣ ኮሎኔል ዊንጌት በፈረስ ፊት ፊት እየመራ፣ ቀኑ ሚያዝያ 27 ሆነ። ባዶሊዮ ከገባ ልክ አምስት ዓመት። እኔ ይህን ግጥምጥሞሽ ብዬ አልቀበለውም። ንጉሡ በውርደቱ ቀን ላይ ክብሩን ደረቡበት፤ ከዚያ ወዲህ ሚያዝያ 27 ሲባል ባዶሊዮን የሚያስበው የታሪክ ተማሪ ብቻ ነው። በዕለቱም ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አደራ አሉ። እንዲህ ያለ ቀን አቆራረጥ ብዙ አላየሁም።

ሆላንዶችም በዚሁ ቀን ነጻነታቸውን ያከብራሉ፤ ከናዚ ጀርመን የወጡት ሜይ 5 ቀን 1945 ነው፤ ከእኛ አራት ዓመት ዘግይተው። እነሱ ግን አንድ ብልሃት አላቸው። በዋዜማው፣ ከምሽቱ በሁለት ሰዓት፣ አገር ሁሉ ለሁለት ደቂቃ ዝም ይላል። ትራሙም ይቆማል። ለሞቱት ካዘኑ በኋላ በማግስቱ ይጨፍራሉ። አምስተርዳም የሚኖር ኢትዮጵያዊ በአንድ ቀን የሁለት አገር ድል ያከብራል። ከጎረቤቱ ሊማር የሚገባው ግን ያችን የዋዜማ ዝምታ ነው። እኛ የሰማዕታቱን ቀን የካቲት 12ን ለብቻው፣ ሚያዝያ 27ን ለብቻው አድርገናል፤ ከበሮው በሚመታበት ቀን የወደቁትን ስም ለመጥራት ጊዜ አይተርፈንም።

የተቆረጠ ቀን ሁሉ ሳይጠራው የሚቀር ሰው አለው። አምስቱን ዓመት ከጫካ ያልወጡት አርበኞች ቀኑን አልመረጡትም። በላይ ዘለቀ ለመሰለው ጀግና ቀኑ ብዙ አልጠቀመውም፤ ጃንሆይ ከተመለሱ አራት ዓመት ሳይሞላ በ1937 አዲስ አበባ ውስጥ ተሰቀለ። ደግሞስ በሚያዝያ 27 ጦርነቱ መች አለቀ? ጎንደር ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። ጣሊያናዊው ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው ሕዳር 18 ቀን 1934 ነው፤ ከቁልቋል በር ውጊያ በኋላ፣ ንጉሡ ዙፋናቸው ላይ ከተቀመጡ ከስድስት ወር በላይ አልፎ።

ይህን የነገሩኝ አያቴ ናቸው። የጎንደር ሰው ነበሩ፤ አርበኛ። ሚያዝያ 27 ሲመጣ ጎፈራቸውን ደፍተው፣ ሜዳልያቸውን ደርድረው አራት ኪሎ ይወጣሉ። «ይሄ የጃንሆይ ቀን ነው፤ ይከበራል» ይሉ ነበር። የራሳቸው ቀን ሕዳር 18 ነበር። ያን ቀን ጎፈር የለም፤ ሜዳልያ የለም። ቡና ይፈላል፤ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው አብረዋቸው ወጥተው ያልተመለሱትን ሰባት ሰዎች በስም ይጠራሉ። ሰባቱ ስም ሳይሞላ ስኒ አያነሡም።

ዘንድሮ አራት ኪሎ ከድል ሐውልቱ ሥር ቆሜ ሳይ ጎፈር የደፋው ሽማግሌ ጥቂት ነው። የአባቱን ሜዳልያ ያደረገው ልጅ ይበዛል። ባንዱ ይመታል፤ ሰዉ በስልኩ ፎቶ ያነሣል። የረዳቱ ጥያቄ ትዝ አለኝ፤ አንድ ቀን ይህን ሁሉ እንዴት ቻለው? እኔ እንደማየው ቀኑ ምንም አልቻለም። የቻሉት የቆሙት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱ ሲያልፉ ለቀኑ የሚቀረው ሬዲዮው የሚያነበው አንድ መስመር ነው፣ ከማስታወቂያው በፊት።

አያቴ በመጨረሻ ዓመታቸው፣ በሕዳር 18፣ ስድስቱን ስም ጠርተው ሰባተኛው ጠፋባቸው። ቡናው ቀዘቀዘ። እናቴ አሞቀችው፤ ደግሞ ቀዘቀዘ። «ይመጣል፣ ይመጣል» እያሉ እስኪመሽ ቆዩ፤ ስኒውን አላነሡም። ከዚያ በፊት ስሞቹን ጽፌ አላውቅም ነበር፤ ማታውን ደብተር አውጥቼ ስድስቱን ጻፍሁ። ሰባተኛውን መስመር ክፍት ትቼዋለሁ። በየዓመቱ ሕዳር 18 ቡና አፍልቼ ስድስቱን አነባለሁ፤ ሰባተኛው ላይ ስደርስ ትንሽ ዝም እላለሁ።