የተቆረጠው ገንዘብና የልጆቹ ስም

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን የባለቤቱን የደመወዝ ወረቀት ይዞ መጣ። ባለቤቱ ኬንያዊት ናት፤ የካውንቲው መንግሥት ሠራተኛ። «ከ40,000 ሺሊንግ ደመወዟ ለሕክምና 1,000 ነበር የሚቆረጠው፤ ምነው 1,100 ሆነ?» አለን።

ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ኤን ኤች አይ ኤፍ ቀርቶ በኤስ ኤች ኤ ስለተተካ ነው። ድሮ የሚቆረጠው በደመወዝ እርከን ነበር፤ የትልቅ ደመወዝተኛም ቢሆን ከ1,700 አያልፍም። አሁን ግን ከጠቅላላው ደመወዝ 2.75 በመቶ ነው፤ ጣሪያ የለውም።

እኛን ያሳሰበችን 100 ሺሊንጓ አይደለችም። «ልጆቹስ በአዲሱ መዝገብ ገብተዋል?» ብንለው ዝም አለ። ገንዘቡ ስለተቆረጠ ብቻ ልጅ አይታከምም እኮ! እናትየዋ ራሷ ተመዝግባ ስማቸውን ማስገባት አለባት። የልደት ሰርተፍኬታቸውን ይዛ ዛሬውኑ ትሂድ ብለነዋል። ትንሹ አስም አለበት።