ኬሚካል የተነከረ ማዘያ ለገጠር እናቶች ይታደልን? (ሙግት)

የሙግቱ ጭብጥ

በፀረ-ተባይ ኬሚካል የተነከረ አጎበር ወባ በሚበዛባቸው የአፍሪካ ገጠሮች ዋነኛው መከላከያ ሆኖ ቆይቷል፤ ይሁን እንጂ የሚጠብቀው የተኛን ሰው ብቻ በመሆኑ፣ ከምሽት እስከ መኝታ ባሉት ሰዓታት የምትናከሰውን ትንኝ የሚመክት ሌላ ዘዴ ሲፈለግ ኖሯል። ከዘዴዎቹ አንዱ በየቤቱ የሚገኘውን ማዘያ፣ አንሶላና ነጠላ በፔርሜትሪን መንከር ነው። ፔርሜትሪን በፒሬትረም አበባ ውስጥ በሚገኘው መርዝ አምሳያ በፋብሪካ የሚቀመር፣ ፓይሬትሮይድ ከሚባለው የኬሚካል ቤተሰብ የሚመደብ፣ የነፍሳትን ነርቭ በማወክ የሚያሽመደምድና የሚያባርር ኬሚካል ነው። ከዚህ በታች ሁለት ጸሐፊዎች ዘዴው ከሙከራ ወጥቶ ለሕዝብ ይድረስ ወይስ ይቆይ በሚለው ላይ ይሟገታሉ፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛው ጸሐፊ፦ ይታደል

ለዘዴው ብርቱ ማስረጃ የሚሆነው በምዕራብ ዩጋንዳ፣ በካሴሴ የተካሄደውና ውጤቱ በ2025 የታተመው ሙከራ ነው። ከ6 እስከ 18 ወር የሆናቸው ሕፃናት ያሏቸው 400 እናቶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በፔርሜትሪን፣ ግማሾቹ በውሃ ብቻ የተነከረ ማዘያ የተሰጣቸው ሲሆን፣ አጎበር ግን ለሁሉም ታድሏል። በሁለቱ ወገኖች መካከል የታየው ልዩነት እንግዲህ የማዘያው እንጂ የአጎበሩ ሊሆን አይችልም፤ በፔርሜትሪን ማዘያ የታዘሉት ሕፃናት የታመሙበት መጠን ከሌሎቹ በሁለት ሦስተኛ ያህል ያነሰ ነበር። ይህም የተገኘው ትንኞች ፓይሬትሮይድን በብዛት በተላመዱባት አገር መሆኑ የማስረጃውን ክብደት ይጨምረዋል።

ሐሳቡም የትናንት አይደለም። በፓኪስታን በሚገኝ የአፍጋኒስታን ስደተኞች መጠለያ፣ ቀን የሚለበሰውና ሌሊት የሚደረበው ቻዳር ከአንሶላ ጋር በፔርሜትሪን ተነክሮ በተፈተነበት ጊዜ፣ እስከ 10 ዓመት ባሉ ልጆች ዘንድ በወባ የመያዝ ዕድል በ64 በመቶ መቀነሱ በ1999 ታትሟል። የዘዴው ብልሃት ሰውን አዲስ ልማድ አለማስተማሩ ነው፤ ጨርቁ አስቀድሞ በቤቱ አለ፣ በትከሻውም ላይ ይውላል።

ኢትዮጵያን በተመለከተ፣ ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ አኖፊለስ አራቢየንሲስ ከሰው ሌላ ከብትንም የምትናከስ፣ ከቤት ውጭና ገና በጊዜ መናከስ የምትችል ትንኝ ናት። እናት ልጇን አዝላ ማታ ውሃ ስትቀዳ፣ ከዚያም ምድጃ ሥር ተቀምጣ እራት ስታሰናዳ፣ አልጋው ላይ የተንጠለጠለው አጎበር ለጀርባዋ ልጅ ምንም አያደርግለትም። በመተማና በሑመራ ሰሊጥ ለማጨድ የሚወርደው የቀን ሠራተኛም ሜዳ ላይ ስለሚያድር፣ አጎበር ማንጠልጠያ ባያገኝ ጋቢውን መከናነቡ አይቀርም። በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን በተመዘገቡባት አገር፣ እጅ ላይ ያለን መከላከያ በመደርደሪያ ማቆየት ምክንያት ሊቀርብለት የሚችል አይደለም።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ ይቆይ

ከላይ የተጠቀሱት ሙከራዎች ትክክለኛነት አያጠያይቅም፤ የሚያጠያይቀው ምን እንደለኩ ነው። የካሴሴው ሙከራ ለ24 ሳምንታት የቆየ ሲሆን፣ ማዘያዎቹ በየአራት ሳምንቱ እንደገና ይነከሩ ነበር። ስለሆነም የተለካው ተመራማሪ የሚከታተለው ጨርቅ እንጂ ተመራማሪው ከሄደ በኋላ በቤት የሚቀረው ጨርቅ አይደለም። በፓኪስታኑም ሙከራ ቢሆን ጥቅሙ ከ11 እስከ 20 ዓመት ባሉት ዘንድ ወደ 38 በመቶ ወርዷል፤ ከዚያ በላይ ባሉት ላይ ጭራሽ አልታየም፤ ለመተማው ሠራተኛ የቀረበው ተስፋ ስለዚህ ማስረጃ ይጎድለዋል።

በሙከራና በመርሐ ግብር መካከል ያለውን ርቀት ጋምቢያ አሳይታለች። በ1991 የታተመው ሙከራ የተነከረ አጎበር የሕፃናትን ሞት በ63 በመቶ እንደቀነሰ ሲዘግብ፣ ሥራው ወደ ብሔራዊ መርሐ ግብር ተዛውሮ ሲመዘን ቅናሹ 25 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። በሌሎችም አገሮች አጎበርን በየጊዜው መልሶ መንከር የሕዝቡም የጤና ሠራተኛውም ፈተና ስለሆነ፣ መፍትሔው የተገኘው ኬሚካሉ በፋብሪካ ከክሩ ጋር የተዋሐደበትና ብዙ እጥበት የሚችለው አጎበር ሲመጣ ነው። ማዘያን በእጅ መንከር የተተወውን ችግር መልሶ መጥራት ይሆናል።

የቁሱም ዓይነት ይለያያል። ካሴሴ ላይ የተፈተነው ጨርቅ ሲሆን፣ በብዙ የኢትዮጵያ ገጠሮች ልጅ የሚታዘለው በቆዳ አንቀልባ ነው፤ ቆዳ ኬሚካሉን እንደ ጥጥ ይይዛል ተብሎ ሊገመት አይገባም። ጋቢ ደግሞ ወንዝ ወርዶ በእንዶድ ወይም በሳሙና እየታሸ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ እጥበቱ ኬሚካሉን ከጨርቁ ሲያስለቅቀው፣ ለዓሣ ብርቱ መርዝ የሆነው ፔርሜትሪን ወደ ወንዙ ይገባል። ከዚህ ሁሉ በላይ ፔርሜትሪን ጎልቶ የሚሠራው በማባረር ከሆነ፣ የተባረረችው ትንኝ ማዘያ ወደሌለው የጎረቤት ልጅ ልትዞር ትችላለች፤ አጎበር ግን ትንኟን ስለሚገድል ጥቅሙ ለጎረቤትም ይተርፋል። የዓለም ጤና ድርጅት የተነከረ ልብስን እንደ ስደተኛና ወታደር ላሉ ለተለዩ ወገኖች ፈቅዶ፣ ለማኅበረሰብ አቀፍ መከላከያነት ሳይመክር የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም።

የአንደኛው ጸሐፊ መልስ

የጋምቢያው ታሪክ ለተቃውሞው ወገን የሚመሰክር አይደለም። 25 በመቶ የሞት ቅናሽ ትንሽ ነው ተብሎ አጎበር በዚያን ጊዜ ቢተው ኖሮ፣ ፋብሪካዎች ዘላቂውን አጎበር ለመሥራት ባልተነሣሡም ነበር፤ መሻሻል የመጣው ጎደሎው መሣሪያ በሥራ ላይ ውሎ ፍላጎት ስለፈጠረ ነው። እጥበትን የሚቋቋም የፋብሪካ ነከራ በወታደር ልብስ ላይ ከዋለ ቆይቷል፤ ለማዘያ ያልተሠራው የሚገዛው መንግሥት ስለሌለ ነው። ትንኝ ወደ ጎረቤት ትዞራለች የሚለውም ሥጋት ማዘያው ለጥቂቶች ሲታደል እንጂ ለቀበሌው እናቶች ሁሉ ሲዳረስ የሚጸና አይደለም።

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

ለሁሉም ይዳረስ ከተባለ፣ የሚነክረው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መመለስ አለበት። በ2003 በ16 ፓኬጆች የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በአንድ ቀበሌ በአብዛኛው ሁለት ሠራተኞችን ሲመድብ፣ እነርሱም ክትባት፣ የእርግዝና ክትትልና የወባ ምርመራ ይዘዋል። ስለዚህ ቀጣዩ ሙከራ መጠየቅ ያለበት ማዘያው ይከላከላል ወይ ብሎ አይደለም፤ ይህ በካሴሴ ተመልሷል። መጠየቅ ያለበት ያለ ተመራማሪ ክትትል፣ በእነዚሁ ሁለት ሠራተኞችና በእናቶቹ እጅ ብቻ፣ ከሁለት የክረምት ወራት በኋላ በጨርቁ ላይ ምን ያህል ኬሚካል እንደሚቀር፣ በልጁም ደም ውስጥ የወባ ጥገኛ ይገኝ እንደሆነ ነው። ለእድላው የሚመደበው ገንዘብ ይህ መልስ እስኪገኝ ድረስ፣ ፓይሬትሮይድን ለተላመዱ ትንኞች ክሎርፈናፒር የተባለ ኬሚካል የተጨመረበትንና የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 የመከረውን አጎበር ለመግዛት ቢውል ለዚያው ልጅ የበለጠ ይጠቅማል።