ማንጎ ለቡና ቁርስ

የማንጎ ወቅት ሲደርስ ቴፒ ላይ ማንጎ በጆንያ እንጂ በፍሬ አይጠየቅም። ዛፍ ሥር የወደቀውን ዝንብ ይወርረዋል፣ ልጆች እየረገጡት ያልፋሉ። አይሱዙ ላይ የጫነው ነጋዴም ቢሆን ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ሲገባ ከሥር ያለው ተጨፍልቆ ይጠብቀዋል። በዚያው ሰሞን እኔ በምኖርባት በሚዛን ከተማ ሁለት አፕል ልገዛ ወጥቼ፣ ዋጋውን ስሰማ መልሼ አስቀመጥኳቸው።

አፕሉን የፈለግሁት ለማርማላታ ነበር። ውጭ አገር ያለች የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም የላከችልኝ አሠራር «ሁለት አፕል ክተፊበት» ይላል። ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን የሚባል ነገር አፕል ውስጥ በብዛት ስላለ ነው። ጥሩ፤ ግን አፕል በደንብ ለማበብ ብርድ ይፈልጋል። ሚስዮናውያን አምጥተው የተከሉት ጨንቻ ደጋ ላይ ተስማማው፤ ቡናና ኮረሪማ በሚበቅልበት በእኛ ሙቀት ግን አይሆንለትም። ለካ መፍትሔው ጓሮዬ ነበር። ዘይቱን፣ በተለይ ገና ያልበሰለው፣ በፔክቲን ከአፕል አይተናነስም። የሎሚ ዘርና ነጩ ልጣጭም እንደዚያው።

ሁለተኛው ጣጣ ቴርሞሜትሩ ነው። አሠራሩ «105 ዲግሪ እስኪደርስ ቀቅዪ» ይላል፣ እኔም ታዛዥ ሆኜ ጠበቅሁ። 100 አለ፣ 102 አለ፣ ማንጎው ጠቆረ፣ በመጨረሻ ማንኪያው ድስቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ያ ቁጥር ለባሕር ዳርቻ የተጻፈ ነው። ሚዛን ወደ 1,450 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 95 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ማርማላታ ደግሞ የሚደርሰው ውሃው ከሚፈላበት በአራት ወይም በአምስት ዲግሪ ከፍ ሲል ነው። ስለዚህ የእኛው 100 ላይ ያልቃል። አሁን ቴርሞሜትሩን ትቼዋለሁ። ቀዝቃዛ ሰሃን ላይ ጠብ አድርጌ በጣቴ ስገፋው ከተጨማደደ፣ ደርሷል።

አንድ ኪሎ ማንጎ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ ሁለት ጥሬ ዘይቱን፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ። ስኳሩ ስላነሰ እንደ ፋብሪካው ዓመት አይቆይም፤ ጠርሙሱን ቀቅዬ ትኩሱን እሞላለሁ፣ ፍሪጅ አስገብቼ በጥቂት ሳምንት እንጨርሰዋለን። ስኳሩና ጠርሙሱ ከማንጎው መወደዳቸውን አልደብቅም። ሙዝና አናናስም እንዲሁ ይሠራል፣ አናናስ ግን ዘይቱን ካልገባበት ውሃ ሆኖ ይቀራል። አቮካዶን ተውት፤ ሞክሬዋለሁ፣ ስለሱ ባላወራ ይሻላል።

ስለ ፍራፍሬ በተሰበሰብን ቁጥር «እሴት መጨመር» ይባልና ወሬው ወደ ፋብሪካ ይዞራል። ፋብሪካው ይምጣ፣ አልጠላም። የመርቲን የብርቱካን ማርማላታ ዳቦ ላይ ቀብቶ ያደገ ሰው የአገር ፋብሪካን አይንቅም። ግን እኮ ይህ አካባቢ ማቆየት የማያውቅ አገር አይደለም። እንሰት ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ በኮባ ተሸፍኖ፣ ወራት ከርሞ ቆጮ የሚሆነው በእናቶቻችን እጅ ነው። ማሩ ይቀመጣል፣ ቅቤው በኮረሪማ ይነጠራል። ፍራፍሬ ብቻ ከዚህ ሁሉ ጥበብ የቀረው ለምን ይመስላችኋል? እኔ እንደሚመስለኝ ማንጎን እንደ ምግብ ስለማንቆጥረው ነው። ልጅ ዛፍ ላይ ሆኖ የሚበላው ነገር ነው፤ ለእንግዳ አይቀርብም። ማርማላታ ደግሞ ከሆቴል ቁርስ ጋር ስለመጣ የቤታችን ሰዓት አልተገኘለትም። ጠዋት ፍርፍር የሚበላ ቤት ማርማላታ መቼ ይብላ?

ሰዓቱን ያገኘሁለት በድፎ ዳቦ ነው። ከመጠን በላይ የበሰለ፣ ልጣጩ የጠቆረ ሙዝ ፈጭቼ ሊጡ ውስጥ እለውሳለሁ፤ የውሃውን ግማሽ ይተካል፣ ስኳር አልጨምርም። የተፈለፈለ ኮረሪማ ወቅጬ እነሰንሳለሁ። ኮባውን እሳት ላይ ለብ አድርጌ ካለሰለስኩ በኋላ ሊጡን እጠቀልልና ከላይም ከታችም እሳት አደርግለታለሁ። ሙዝ የገባበት ቶሎ ስለሚያር ከላይ ያለው ፍም ሳሳ ማለት አለበት።

ባለፈው እሑድ አክስቴ መጣች። ቡናው ተፈልቶ፣ በፈንዲሻው ምትክ ዳቦውን ቆርሼ ማንጎውን ቀባሁበት። አገላብጣ አየችው፣ አሸተተችው፣ ቀመሰች። ዝም አለች። በሁለተኛው ስኒ ላይ እጇን ዘርግታ ደገመች። ስትወጣ ግን ስለ ጣዕሙ ምንም አላለችም፤ «ያ ዘይቱን ጓሮሽ ውስጥ ዝም ብሎ ነው የሚረግፈው?» ብላ ዘንቢሏን ይዛ ወደ ጓሮ ዞረች።