«ዱቤ ዛሬ የለም» ለሒሳብ ሠራተኛውስ?

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ አንዱ ሱቅ ጎራ ያለ ሰው ከመደርደሪያው በላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ቢያይ አይገረምም። ባለሱቁ ትክክል ነው። ሸቀጡ በዱቤ ሲወጣ አብሮ የሚወጣው ካፒታሉ ነው፤ ካልተመለሰለት ነገ ከመርካቶ ምን ይዞ ይመጣል? ይህንኑ ነጋዴ ግን «የዓመቱን ሒሳብ ለሠራልህ ልጅ ከፍለኸዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። «እሱማ የኛው ልጅ ነው፣ ምን ችግር አለ?» ይላችኋል። ዱቤ የለም ባዩ ራሱ የዱቤ ደንበኛ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

ከአንድ በወልቂጤ የብዙ ነጋዴዎችን ሒሳብ ከሚሠራ ወጣት ጋር ቡና ስንጠጣ የነገረኝን ላካፍላችሁ። ደንበኛው ደረሰኞቹን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቆ ያመጣለታል፣ ያውም ማስታወቂያው ጊዜ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው። የግዢው ከሽያጩ ተደባልቋል፣ የአንዳንዱ ቀለም ደብዝዟል። ልጁ ሌሊቱን ተቀምጦ ይለያል፣ ይመዘግባል፣ ያስታርቃል። ዋጋው ስንት ነው ሲል «አንተ ሥራው ብቻ፣ አናስቀይምህም» ይባላል። ሥራው አልቆ ገንዘቡን ሲጠይቅ «መስቀል ይለፍ» ይባላል። መስቀል ሲያልፍ ገንዘቡ አገር ቤት በሬ ላይ ወጥቷል። ቀጠሮው ወደ ጥምቀት ይዛወራል። ቡታጅራ ያለው ባልደረባው ደግሞ «አረፋ ይለፍ» የሚለውንም ይጨምርበታል። «ጋሼ፣ የኔን ነገር ምን አደረሱት?» ማለት የሚያሳፍረው ጠያቂውን እንጂ ተጠያቂውን አይደለም።

ይህ የባሕርይ ችግር ብቻ ይመስለን ይሆናል። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ግን ከባሕርዩ በፊት ጊዜውን ያያል። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ የዓመቱን ሒሳብ የሚያስታውቀው እስከ ጥቅምት 30 ነው። የንግድ ፈቃድ ለማሳደስ ደግሞ የግብር ክሊራንስ ያስፈልጋል። ክሊራንሱ እስኪወጣ ድረስ ሒሳብ ሠራተኛው በቀን አሥር ጊዜ ይደወልለታል። ክሊራንሱ በወጣ ማግስት ግን የአገልግሎቱ ዋጋ በነጋዴው ዓይን ዜሮ ይገባል። በርበሬ ወይም ጫት የሸጠ ሰው ዕቃውን የሚለቀው ብሩን ቆጥሮ ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛው ግን ዕቃውን አስረክቦ ብሩን ለመለመን ይቆማል። የመደራደር አቅሙን ራሱ በእጁ አሳልፎ ሰጥቷል።

ጉዳቱን በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ባለሙያ 20 ደንበኞች አሉት፣ ከእያንዳንዳቸውም 6,000 ብር ይጠብቃል እንበል። ጠቅላላው 120,000 ብር ነው። ለቤት ኪራይ፣ ለረዳት፣ ለኮምፒዩተርና ለወረቀት 60,000 ብር ቢያወጣ 60,000 ይተርፈዋል። አምስቱ ደንበኞች ብቻ ቢያስቀሩበት 30,000 ብር ይጎድላል። የቀሩት ደንበኞች ሩብ ናቸው፣ የሄደው ትርፍ ግን ግማሽ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ 120,000 ብር ለማግኘት ከ15ቱ ከፋዮች 8,000፣ 8,000 ብር መጠየቅ ይኖርበታል። እንግዲህ በሰዓቱ የሚከፍለው ነጋዴ ለማይከፍለው ጎረቤቱ 2,000 ብር እየደጎመ ነው ማለት ነው። ዋጋውን መጨመር የማይደፍረው ባለሙያ ደግሞ የሥራውን ጥራት ይቀንሳል። የዚህ ዕዳ በመጨረሻ የሚመጣው በገቢዎች ኦዲተር በኩል ነው።

እርግጥ ነው፣ ነጋዴውም የሚለው አለው። የአንዱን የሒሳብ መግለጫ ስም ለውጦ ለሦስት ሰው የሚያስገባ፣ ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን የሚያጠፋ፣ «እኔ ውስጥ ሰው አለኝ» እያለ የሚነግድ አልታጣም። ቅጣቱ ሲመጣ የሚከፍለው ነጋዴው ነው። ነጋዴው በወረቀት ላይ እምነት ያጣበትም ምክንያት አለው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች የቀን ገቢ ግምት ይፋ ሲሆን በአዲስ አበባ፣ በአምቦ፣ ወደ ወልቂጤ ሲኬድ በሚታለፍባት በወሊሶም ሱቆች ተዘግተው እንደነበር አንዘነጋም። «በግምት ለሚጫንብኝ መዝገብ ምን ይሠራልኛል?» ያለ ነጋዴ ጥቂት አልነበረም። ግን መልሱ እዚያው ነው። ከግምት የሚያድነው መዝገብ ብቻ ነው፤ መዝገቡን የሚሠራው ደግሞ ያ ያልተከፈለው ልጅ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ነገሩን ይበልጥ አክርሮታል። ሦስቱ ደረጃዎች ሁለት ሆነዋል። ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነው ግለሰብ ነጋዴ ግብሩ በሽያጩ መጠን ይሰላል። ስለዚህ አንዳንዱ «ከእንግዲህ አታስፈልገኝም» ሲል ያለፈውን ዓመት ክፍያም አብሮ ሊሰርዝ ይፈልጋል። የዋጋ ንረቱን እያየን 2 ሚሊዮን ብር ሩቅ ቁጥር አድርገን ባንወስደው ይሻላል። ዛሬ ከመስመሩ በታች ያለው ነጋዴ ነገ ሊያልፈው ይችላል። ያን ቀን የሚሮጠው ወዳስቀየመው ሰው ነው።

አንድ ሳንሸፋፍነው የሚገባን ነገርም አለ። በነዚህ ከተሞች የሰውን ደረሰኝ ከሚያስተካክሉት መካከል ራሳቸው ደረሰኝ የሌላቸው አሉ። ፈቃድ ሳያወጡ፣ ከመሥሪያ ቤት መልስ፣ ማታ ማታ የሚሠሩ ናቸው። ሲካዱ የት ይከሳሉ? በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 የታክስ ወኪልነት ሥራ በፈቃድ እንዲሆን ደንግጓል። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ደረሰኝ ይቆርጣል። ያ ደረሰኝ መዝገብ ለሚይዘው ነጋዴ የሥራ ወጪ ሆኖ ይያዝለታል። በጓሮ የተሰጠ ብር ግን ለማንም አይቆጠርም፤ ሰጪው ወጪ ብሎ አይዘው፣ ተቀባዩ ሰጥተኸኛል ወይም ከልክለኸኛል ብሎ አይሟገትበት።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። መልሱ ነጋዴው በየሳምንቱ በሚጥለው ዕቁብ ውስጥ አለ። ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘብ አይወስድም። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው መጣሉን እንዳያቆም የተበጀ ዘዴ ነው። ክሊራንሱን ቀድሞ የወሰደ ደንበኛም ከዚህ በምን ይለያል?

ስለዚህ አንደኛ፣ ሥራው ሳይጀመር አንድ ገጽ ውል ይጻፍ፤ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ዋጋው፣ ደረሰኞቹ የሚገቡበት የመጨረሻ ቀን ይገለጽ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ሁለተኛ፣ ግማሹ ሲጀመር፣ ቀሪው ሒሳቡ ወደ ገቢዎች ከመግባቱ በፊት ይከፈል። በመጨረሻው ሳምንት ከረጢት ተሸክሞ የሚመጣም ተጨማሪ ይክፈል። ሦስተኛ፣ ሰነድ በዝርዝር ርክክብ ይደረግበት። ባለሙያው ገንዘብ ቢቀርበት የሰውየውን ደረሰኝ በመያዣነት ባይደብቅ ይመረጣል፤ ደረሰኙ የነጋዴው ነው፣ መንግሥትም የሚጠይቀው እሱን ነው። መያዝ ያለበት ያልተከፈለበትን የራሱን ሥራ ነው። አራተኛ፣ ክፍያን «ካስቀነስክልኝ ግብር ይህን ያህል በመቶ» ብሎ መዋዋል ይቅር። ይህ ሁለት መዝገብ ወደ መያዝ የሚወስድ መንገድ ነው፤ በስወራ ላይ የተባበረም በሕግ ይጠየቃል። እንዲህ የሚጠይቅ ደንበኛ ቢከፍልም ኪሳራ ነው።

ክርክር ቢነሳስ? ለጥቂት ሺህ ብር ፍርድ ቤት መመላለስ ለሁለቱም አያዋጣም። የሰባት ቤት ጉራጌ በየጆካ ሸንጎ ከዚህ የከበደ ጠብ ሲያበርድ የኖረ ሕዝብ ነው። የነጋዴውና የባለሙያው ሽማግሌዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የከተማዋን የአገልግሎት ዋጋና የክፍያ ሥርዓት ቢመክሩበት ምን ይከብዳል?

ጉራጌን በንግድ ያስከበረው ቃሉ ነው። መርካቶ ላይ በቃሉ ብቻ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ብር ዕቃ የሚለቀቅለት ነጋዴ፣ አገሩ ሲገባ የ6,000 ብር ቃሉን ቢያጥፍ ስሙን ያረከሰው ራሱ ነው። «ዱቤ ዛሬ የለም» የሚለውን ጽሑፍ ይንቀል አንልም። እሱ ራሱ ሒሳብ ሠራተኛው ቢሮ ሲገባ ይኸው ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቢያገኘው ግን አይቀየም።